ከሮማ የመጣው ሥዕል

ለምወድህ ወንድሜ ለአኒዬሎ፤ ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? እኔና እናታችን ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለቤተ ክርስቲያናችን የታዘዘው የሰማዕቷ ሥዕል መጣልን። የሣለው እኅታችን ዲያኖራ በሮማ ተቀጥራ የምታገለግለው ሠዓሊ ነው። እሁድ መጋረጃው ሲገለጥ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ። ሸራው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፈው መሬት ላይ በተጋደመች አንዲት ሴት ፊት ላይ ብቻ ነው። ቄሱ «ጨለማው ዓለም ነው፤ ብርሃኑ ጸጋ ነው» እያሉ ሲያስረዱ እኔ አልሰማኋቸውም። አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት፤ ልጆች ሳለን አንተ ዲያኖራን ከደረጃ ገፍተሃት የቀረባትን።

ሥዕሉን ያመጣውን የሠዓሊውን ሎሌ፣ «ሴትዮዋ ተኝታ ነው የተሣለችው?» አልኩት።

«እህቴ፣ ጌታዬ ያላየውን አይሥልም። የተኛ ሲያስፈልገው የተኛ ያስጋድማል፤ የሞተ ሲያስፈልገው ደግሞ...» ብሎ ፊቴን ትኩር ብሎ አየና ቃሉን ዋጠው። በቅሎውን ይዞ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ዲያኖራ ከፋሲካ ወዲህ አልጻፈችም፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል። መርከብህ ወደዚያ ከቀረበ ሠዓሊው ቤት ጎራ በልልኝ። ስለ ሥዕሉ ምንም አታንሣ፤ «እኅቴን ጥሩልኝ» ብቻ በል።

እናታችን ዓይኗ ስለደከመ ሥዕሉን ለይታ አታየውም። «ታምራለች?» ስትለኝ፣ «ታምራለች እማዬ» አልኳት። አሁን በየማለዳው ክንዴን ይዛ ትሄድና ከሥሩ ተንበርክካ፣ «ቅድስት ሆይ፣ ዲያኖራዬን ጠብቂልኝ» ትላታለች።

እመቤታችን ከማዕበል ትሰውርህ።

ዓይንህን ለማየት የምትናፍቅ እኅትህ ኦርሶላ፣ ከናፖሊ