ከምንጩ የሞላሁት ጠርሙስ

ጥቁር ውሃ፣ መካነ ሰላም
ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፈንታሁን፣

ይህን የምጽፍልህ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነው። ዛሬ መጎንበስ አልችልም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ፊደሌ ወደ ላይ ወደ ታች ቢል አትፍረድብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። "ኑርጃን ዛሬ ተምረሽ ልትሾሚ ነው?" ብለው የሳቁብኝን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ሁለቱ ሞተዋል፤ እነሱንም ገና አልተውኳቸውም። ቂመኛ መሆኔን አንተ አሳምረህ ታውቃለህ። ይህ ደብዳቤ ግን የቂም አይደለም። ዐሥር ዓመት የዘገየ ምስጋና ነው። ከምስጋናው በፊት ደግሞ መናገር ያለብኝ ነገር አለ።

በ1966 ርሀቡ ከከላላ ነቅሎ ሲያመጣን ሁለት ልጆቼን መንገድ ላይ ቀብሬ፣ ረምዚያን አዝዬ ጥቁር ውሃ ደረስኩ። ሐይቁ ዳር ዳስ ጥለን ተቀመጥን። የከተማው ሰው በመጀመሪያው ወር ሰደቃ አመጣልን፤ በሁለተኛው ወር አፍንጫውን ያዘ። አንተ የመጣኸው በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው፤ ቦቲ ጫማ አድርገህ፣ የእንጨት ሣጥን በበቅሎ ጭነህ። "ሐይቁን ሊገዛ ነው" አሉ። የውሃ ሐኪም ነው ሲሉን ደግሞ ሰው እየሞተ ውሃ ማከም ምን ይሉታል አልኩ።

ልጆች የሚዋኙበት ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ የነገርከኝን አልረሳሁም።

"ውሃው ንጹሕ መሆኑን ዓይን አያውቀውም፣ እትዬ ኑርጃን። ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ የሚባል ነገር አለ። እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሾርባ ውስጥ ገብቶ ሲሞቀው ይራባል፤ አረፋም ያወጣል። አረፋ ካየን ልጆቹ አይገቡም።"

"ሾርባ ነው ያልከኝ? እኛ በርሀብ እያለቅን አንተ ለተባይ ሾርባ ትሠራለህ?"

ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም። ግን ውሃ የመቅዳቱን ሥራ ተቀበልኩ፤ ክፍያው በስንዴ ነበርና።

ብልቃጦቹን የሚያሞቀው መሣሪያ ደሴ ቀርቷል፣ መንገዱን በልጉ ዝናብ ቆርጦታል። "የሰው ገላ ሙቀት ይበቃዋል፤ ሁለት ቀን የሚታቀፈው ሰው ብቻ ነው የምፈልገው" ብለህ ስትለምን ወንዶቹ ተሳሳቁ። እኔ ብልቃጦቹን በቆዳ ከረጢት አድርጌ ሆዴ ላይ በመቀነት አሰርኳቸው። ጎረቤቴ አበቡ አየችኝ፤ አፏን ታውቃለህ።

"ምነው ኑርጃን፣ ሆድሽ ገፋ? ባልሽ ከሞተ ሁለት ዓመቱ! የማን ነው?"

"የሐይቁ ነው።"

"እንግዲያ ሲወለድ ዋና አናስተምረውም!"

ያን ቀን ሳቅኩ። ከከላላ ከወጣሁ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለት ልጅ ለቀበረች ሴት ሆዷ ላይ የሚታቀፍ ነገር መስጠትህን አንተ እንደ ሥራ አይተኸው ይሆናል። ለእኔ ሌላ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ነው።

ብልቃጡ አረፋ ሲያወጣ ቀይ ጨርቅ እሰቅላለሁ፣ ሳያወጣ ነጭ። ያ ጺማሙ ዘማች ተማሪ መጥቶ የጮኸብህ ትዝ ይልሃል? "ጓድ! ቀይ ባንዲራ የሰፊው ሕዝብ ደም ነው፤ ለተቅማጥ አይሰቀልም!" አለህ። አንተም ረጋ ብለህ "እኔም ሰፊው ሕዝብ እንዳያስቀምጠው ብዬ ነው" አልከው። ከዚያ ቀይ ቀረና በረምዚያ አሮጌ ቢጫ ሻሽ ተተካ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ሞላን አልረሳኸውም። ትናንት ጭሰኛ ሲያሳርስ የነበረ ባለ ብዙ ከብት፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅ በጠዋቱ ኮፍያ ለውጦ ሊቀ መንበር የሆነው። ቢጫው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲወጣ ሕዝቡን ሰበሰበ። አንተ ያን ቀን አቀስታ ነበርክ።

"ሐይቁን ያበላሹት እነዚህ ከየበረሃው የመጡ ርሀብተኞች ናቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጫው ከወጣ ዳሱ ይፈርሳል፤ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳሉ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ሴትዮ! የታቀፍሽው ነገር ምን እንደሚፈርድ ለወገኖችሽ ንገሪያቸው።"

አባይ በረሃ ማለት ወባ ነው። ያን ጊዜ ካሉት ሕፃናት ግማሹ አይተርፍም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አንተ ረፋድ ላይ ስትደርስ የሚጠብቅህን ጠርሙስ ይዤ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ወረድኩ። ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ ወደ ወይራው ሥር ምንጭ ወጣሁ። እንዳስተማርከኝ ጠርሙሱን ደፍቼ አጥልቄ፣ እውስጥ ገልብጬ፣ ጣቴ አፉን ሳይነካ ሞላሁት። ውሸቴን እንኳ በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት።

አንተ ወደ ብልቃጦቹ ከፋፈልከው፤ እኔ ሁለት ቀን ታቀፍኩት። ሐሙስ ስናየው አንድም አረፋ የለም። "አልሐምዱሊላህ!" አልኩ ጮክ ብዬ። አንተ ብልቃጦቹን ወደ ፀሐይ እያነሳህ አንድ በአንድ አየሃቸው። ነጩ ጨርቅ ወጣ፤ ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። ረምዚያ ዳር ቆማ ታየኝ ነበር። እንዳልገባ ትከለክለኛለች ብላ ነው። ልከለክላት አፌ ተከፍቶ ነበር። የቀጂዋ ልጅ ካልገባች ሰው ይጠረጥራል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

"እማዬ፣ እዪኝ! በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ!" አለችኝ።

በሳምንቱ ሰባት ልጆች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛቸው። ከሁሉም የረምዚያ ጸና። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቆዳዋን ቆንጠጥ ሳደርገው እዚያው ተጨማዶ ይቀር ነበር። ይህን ምልክት መንገድ ላይ በሁለቱ አይቼዋለሁ። አንተ ከአቀስታ በበቅሎ እየጋለብክ ደረስክ። ውሃ አፍልተህ፣ ጨውና ስኳር ጨምረህ፣ ሦስት ቀን ከዳስ ወደ ዳስ በማንኪያ ስታጠጣ ሰነበትክ። ከእኛ የለመድከውን ቃል መልሰህ ለእኛ ትሰጠን ነበር፤ "አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያልክ።

በሦስተኛው ቀን ረምዚያ ሽንቷ መጣ። "ተርፋለች" አልከኝ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ጠየቅከኝ።

"እትዬ ኑርጃን፣ ያን ውሃ ከየት ነው የቀዱት?"

"ከሐይቁ ነዋ! ከየት ልቀዳው ኖሯል?"

ልጄን ባተረፍክበት ዳስ ውስጥ፣ ዓይንህን እያየሁ ዋሸሁህ። አንተ ራስህን ነቀነቅክና ማንኪያውን አጠብክ።

ደሴ ያለው አለቃህ መንገዱ ተከፍቶለት መጣ። በሕዝቡ ፊት "ነጭ ስቀሉ ያልከው አንተ፤ በልጆች የቀለድከው አንተ" እያለ ሲያዋርድህ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር እኔም ዳሱም አበቃልን። አንተ ያልከው ይህን ብቻ ነው። "ስህተቱ የእኔ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ነው የመረመርኩት። ከአራት ቦታ ተቀድቶ እንደገና ይታይ።" ሞላም "ይታይ! ከርሀብተኞቹ በኩልም ይቀዳ" አለ፤ ደስ ብሎት።

ከዚያ ያደረግከውን ልንገርህ፤ አንተ ረስተኸው ይሆናል። አራት ጠርሙስ አወጣህ። ማንበብ ስለማልችል በእያንዳንዱ አንገት ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር አሰርክ፤ ነጩ ለዳሳችን ዳር፣ ጥቁሩ ከሞላ በረት ሥር ለሚገባው ጅረት፣ ሰማያዊው ለጠፍጣፋው ድንጋይ፣ ቀዩ ለመሐል። ከዚያ ለሌላ ሰው አልሰጠኸውም። ጠርሙሶቹን መልሰህ ለእኔ ሰጠኸኝ። "እርስዎ ይቅዱ፤ እጅዎ ንጹሕ ነው" አልከኝ።

ሄጄ ከአራቱም ቦታ እውነቱን ቀዳሁ። ከዳሳችን በኩል ስቀዳ ወገኖቼን በጠርሙስ አሳልፌ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ሃያ ብልቃጥ ታቀፍኩ። አበቡ "መንታ ነው አሁንስ!" ስትለኝ መቀነቴን አጠበቅኩ።

ያየነውን ታውቀዋለህ። ከዳሳችን በኩል ከአምስቱ አንዱ ብቻ ትንሽ አረፋ ያዘ፤ አንተ ባስቆፈርከን የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁላችንም እንጠቀም ነበርና፣ አመድም እንነሰንስበት ነበር። ከሞላ በረትና ከሽንት ቤቱ ሥር የሚመጣው ጅረት ግን አምስቱም በአንድ ቀን አረፋ አወጡ። የሚገባው ደግሞ ልክ ልጆቹ የሚዋኙበት ድንጋይ ሥር ነው። ሞላ በገዛ ሸንጎው ውሳኔ በረቱን አነሳ፤ የጅረቱንም አቅጣጫ በቦይ አስቀየርከው። ነጩ ጨርቅ የተሰቀለው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ ነው። ዳሳችን አልፈረሰም።

እውነቱ ከመጀመሪያው ከእኛ ጋር ነበር፣ ፈንታሁን። ያድነን የነበረውን ነገር ነው በምንጭ ውሃ የደበቅኩት።

አንተን ግን ወደ ሩቅ አገር አዛወሩህ፤ በቸልተኝነት ተብሎ። በቅሎዋን ስትጭን መጥቼ ልነግርህ አስቤ ነበር። "በደህና ግባ" ብዬ ተመለስኩ።

አታውቅም እያልኩ አምስት ዓመት ኖርኩ። በ1972 ማንበብ ከቻልኩ በኋላ፣ ጤና ጣቢያው አሮጌ ወረቀት ሲያወጣ መዝገብህን አገኘሁት። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ የዚያ ማክሰኞ ውሃ የተመዘገበበት ገጽ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፦ "ደለል የለውም፤ የምንጭ ውሃ ይመስላል። ቀጂዋ ዳሱ ይፈርሳል ብላ ፈርታለች። ፍርሃቷን ሳልጠይቃት ነጭ ማሰቀሌ የእኔ ጥፋት ነው።" በሌላው ሰው ሁሉ ቂም ይዤ ስኖር፣ ቂም ሊይዝብኝ የሚገባው አንድ ሰው አልያዘብኝም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፊደል የተማርኩት ለዚህ ነው አልኩ፤ ከዚያ ወዲህ የሳቁብኝ ሰዎች ትንሽ ቀለሉኝ።

አድራሻህን የሰጠኝ ንጉሡ የሚባል አዲስ የጤና ረዳት ነው። ደቀ መዝሙርህ ነኝ ይላል፤ ቦቲው ያንተን ይመስላል። ረምዚያ አቀስታ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። አሁንም በጀርባዋ መንሳፈፍ ትወዳለች።

ዘንድሮም ርሀቡ ተመልሷል። ሐይቁ ዳር እንደገና ዳስ ተጥሏል፤ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች፣ ከእኛ የባሱም አሉ። የአሁኑ ሊቀ መንበር ሌላ ሰው ነው፤ ንግግሩ ግን የሞላ ነው። "ውሃው ከቆሸሸ ይነሳሉ" ብሏል። ንጉሡ ጠርሙሶቹን ይዞ ሲመጣ፣ "የድሮዋ ቀጂ እርስዎ ነዎት አሉኝ" አለኝ።

የማልጎነበሰው ለዚህ ነው። ሃያ ብልቃጥ ሆዴ ላይ አለ። ከዳሱም ከጠፍጣፋው ድንጋይም ከእውነተኛው ቦታ ቀድቻለሁ፤ ክር አላስፈለገኝም፣ በየጠርሙሱ ላይ የቦታውን ስም በእጄ ጻፍኩበት። ነገ ጠዋት እናየዋለን። ከዳሱ በኩል አረፋ ካለ "አለ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያም አካፋ ይዤ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር እቆፍራለሁ፣ ሰዎቹን ሊያነሳ የሚመጣውንም ፊት ለፊቱ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ምን እንደሚያሳይ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ግን እንደ ድሮው አይደለም።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ጀሊሉ ያን ማንኪያ የያዘ እጅህን ይጠብቅልኝ።

ይህን ጊዜ ከሐይቁ የቀዳችው፣
ኑርጃን ይማም