ስለ ባናው እውነቱን ልንገርህ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ እንዳልልህ እዚያ ክረምት ይኑር አይኑር አላውቅም። ደብረ ብርሃን ኖሮ ለሞተ ሰው ግን ከዚያ የባሰ ብርድ አይገጥመውም ብዬ ተጽናንቻለሁ።

ከተለየኸን ስድስት ወር ሆነ። እማዬ የመንፈቅህን ተዝካር አውጥታለች፤ ጠላው እንደተመሰገነ፣ ካህናቱም ጠግበው እንደመረቁ በስልክ ነገረችኝ። እህቴ ጥሩዬ ደግሞ ጉድ አፍልታለች። ያንተ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስህን፣ ባናውን፣ መሥራት ጀመረች! ሰፈሩ “ሴት ልጅ ጉድጓድ ገብታ ስትሸምን የት ታይቶ!” እያለ ሲንጫጫ ሰንብቶ፣ አሁን ከእሷ ሊገዛ ተራ ይዟል አሉ። የመጀመሪያው ባናዋ ጠርዙ እንደ አንኮበር መንገድ የተጠማዘዘ ነው። ፎቶውን ስትልክልኝ “ተጣጥፎ ለሚተኛ ሰው ልክ ነው” ብዬ መለስኩላት። እስካሁን አኩርፋለች።

ባና ከተነሳ ዘንዳ፣ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ለቄስ እንዳልናዘዝ እዚህ ዴልሂ ቄሱ ሩቅ ነው። ደግሞም የዋሸሁት አንተን ነው።

አሥራ ሁለተኛን ሁለቴ ወድቄ፣ የፍሪጅ ጥገና ልማር ህንድ ልሄድ ነው ስልህ ያልከኝ አይረሳኝም። “ብርድ ለመማር ከደብረ ብርሃን የሚሰደድ የመጀመሪያው ደንቆሮ አንተ ነህ። ደጅ ውጣና ቁም፣ በነጻ ይገባሃል!” አልከኝ። አልከኝና ከመዘዞ የበግ ጠጉር አስመጥተህ፣ ጉድጓድህ ገብተህ ባና ሠራህልኝ። ባና ብቻ ነው? ያልታረደ በግ ነበር እንጂ! ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ ይላሉ፤ አንተ ግን ገና ከአገሬ ሳልወጣ ጫንከኝ። “አባዬ፣ ዴልሂ እኮ ሙቀት ነው” ብልህ “ብርድ የሌለበት አገር የለም፤ ተደብቆ ነው” አልክ።

በግንቦት ገባሁ። ሻንጣዬን ስከፍት ባናው ራሱ ያላበው መሰለኝ። በምግቡ እንኳን አልተቸገርኩም፤ ብዙው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አይበላም። እኔ ሞኙ “ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?” ብዬ ጠይቄ ክፍሉን ሁሉ አሳቅሁት።

የሕንፃችን ዘበኛ ሽማግሌ ነው። ሁሉም “ቻቻ” ይለዋል፣ አጎቴ እንደማለት። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ወደኛዋ ጫጫ ከተማ እንደሚጭን ሚኒባስ ረዳት “ጫጫ! ጫጫ! አንድ ሰው!” እላለሁ፤ ምኑም ሳይገባው ይስቅልኛል። የብረት ወንበሩ ወገቡን ሲያሳምመው አየሁና ባናህን ለአራት አጥፌ አነጠፍኩለት። ደግነት እንዳይመስልህ፤ ክፍሌ ውስጥ ሳየው ያልበኝ ነበር።

አንተ ደግሞ እሁድ እሁድ ትደውላለህ። “ባናውን ትለብሰዋለህ?” “ለብሼው ነው የምተኛው፣ አባዬ ይሙት!” ላንተው፣ በራስህ ሞት! “ተው፣ አንድ ቀን ትገድለኛለህ” ብለህ ትስቃለህ። ልጅ ሆኜ የቄሱን ጫማ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አንስቼ አህያ አንገት ላይ ያንጠለጠልኩ ለትም የማልኩት እንዲሁ ነበር። በኔ መሐላ ስንቴ ሞተሃል!

ከዚያ ያ የነሐሴ እሁድ መጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ እዚህ ላሉት ያገሬ ልጆች “አንድ ጆንያ ድርቆሽ ከአገር ቤት መጥቶልኛል፣ ኑ” ብዬ ደውዬ ነበር። ከተማውን አቋርጠው ሲመጡ ጆንያው ውስጥ ያገኙት ጋዜጣ ነው። እናም ያን እሁድ በማለዳ ተሰብስበው በሬን ሲያንኳኩ፣ ሊደበድቡኝ የመጡ መሰለኝ። በሩን ቆልፌ አልጋዬንም አስደግፌበት “ጋዜጣውን የሞላሁት እኔ አይደለሁም! አባዬ ይሙት!” ብዬ ጮህኩ።

አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አልተሳደበም። ቆይቶ የሁላችን ታላቅ ጋሽ ታደሰ ቀስ ብሎ “ክፈት፣ ወንድሜ” አለኝ። ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም፤ የሚጠራኝ “አንተ እርጉም” እያለ ነው። አልጋውን አንስቼ ከፈትኩ። ለካ ያንተን መርዶ ይዘው ነው የመጡት።

አላለቀስኩም፣ አባዬ። ፈራሁ። የዋሸሁበት መሐላ ደረሰ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀልዴንም እንደልማዴ ቀጠልኩ። ግን “ይሙት” የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ።

ጥር ሲገባ ያ ተደብቆ የከረመው ብርድ ወጣ። ጉሙ እንደኛው የአንኮበር ጉም አፍንጫህ ላይ መጥቶ ይቆማል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ያውም የብርድ ተማሪ፣ ሁለት ሱሪ ደርቤ ጥርሴ እንደ ሽመና ዕቃህ ተንኳኳ። አንድ ጠዋት ባናዬን ላስመልስ ወረድኩ። ጫጫ ተከናንቦት ጢሙ ብቻ ይታያል። ባናውን ነካሁና “ፓፓ” አልኩት፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ጠቆምኩ። ገባው። ተነስቶ አጣጠፈው፤ ግንባሩን አስነክቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። በስስ ሸሚዝ ቀርቶ ይንቀጠቀጣል።

መቀበል አቃተኝ። ባልዲ ደፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ባናህን ለሁለት ተከናነብነው። ከሞትክ ወዲህ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ጉሙ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው ብዬ በአማርኛ ዋሸሁት። ደግነቱ አልገባውም።

ያንኑ ዕለት ለእማዬ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። “በመሐላዬ የገደልኩት እኔ ነኝ” አልኳት። ሳቀች፣ እማዬ! “አንተ በማልክ ቁጥር ሰው ቢሞት ሰሜን ሸዋ ባዶውን በቀረ! አባትህ እኮ ያውቅ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ‘ባናውን ለሰው ሰጥቶታል’ አለኝ። በምን አወቅህ ስለው ‘ማለ እኮ፤ ይሄ ልጅ የሚምለው ሲዋሽ ነው። ብቻ የተቀበለው ሰው የሚበርደው ይሁን’ አለ።”

አየህ ተንኮልህን! እኔ አታለልኩት ስል፣ አንተ አውቀህ በየእሁዱ ታስምለኝ ነበር። ቀልደኛውስ እኔ መስሎኝ ነበር!

አባዬ፣ ብርድ ባየሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ ሙያዬ ብርድ ስለሆነ ዕድሜ ልኬን ነው ማለት ነው። ዛሬም ጠዋት ባናህን ለብሼው ነበር። ግማሹን። ግማሹን ጫጫ ለብሶታል።

አልማልኩም። ስለዚህ እመነኝ።