«ትንሽ ከፍ አድርገው»

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ያን ሁሉ ዘመን ካሜራ ተሸክመህ ኖረህ አሁን ወገቤን አመመኝ ብትል የሚገርመው ሰው የለም። ዓይንህስ? ስትመልስልኝ ይቺን ጥያቄ እንዳትዘልብኝ። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፣ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። እኔም ለጊዜው ደህና ነኝ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ሳትል አትቀርም። ምን ላድርግ? ስልክ ደውዬ ገና «ወንድምህ» ስል ጆሮዬ ላይ ትዘጋብኛለህ፤ ለምጄዋለሁ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ አንብበህ ነው የምትቀደው፤ አውቅህ የለ?

በወንድምህ ስልክ የላክህልን መልእክት ደርሶናል። «የፊልማችንን ዲስክ ማስታወቂያ አየሁት። ያቺን የመሰለች ጨለማ ከተማ የልብስ መሸጫ ሱቅ አስመስሏታል። ያኔ ለባለ ስቱዲዮዎቹ ሸጠኝ፤ አሁን ደግሞ ማንም ሳያስገድደው በገዛ እጁ! ዓይን የለውም ወይ ይሄ ሰውዬ?» ነው ያልከው። ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ደግሞም እውነትህን ነው። ማስታወቂያው ላይ ያየኸው ብርሃን ያንተ ብርሃን አይደለም። አልከራከርህም።

ግን እስቲ ከመጀመሪያው ላንሳው፤ አንተ ቂሙን ነው እንጂ ነገሩን የረሳኸው ይመስለኛል። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሊገባ ሲል ባለ ስቱዲዮዎቹ «ሕዝቡ በዚህ ጨለማ ምን ሊያይ ነው?» ብለው ያንተን ሌሊት በሙሉ አፈኩት። መጨረሻው ላይም ፀሐይ አወጡበት። ብርሃን በራሽን በሚታደልበት፣ ሰማዩ በጣሪያ በተከደነ ከተማ ላይ ፀሐይ! ጉድ እኮ ነው። ዳይሬክተሩ ወንድምህ ደከመው፣ ላንተ ሳይነግርህ ፈረመላቸው። አንተም ስምህን ከፊልሙ አስፋቅህ። ከዚያ ወዲህ እናንተ ወንድማማች መባላችሁ ቀረ፤ እኔ ኤዲተራችሁ ደግሞ በሁለታችሁ መካከል እንደ እህል ስፈጭ ኖርኩ።

እና አሁን «የዳይሬክተሩ ቅጂ፣ መጀመሪያ እንደታሰበው ተሠርቶ፣ በዲስክ ይውጣ፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይየው» ሲባል ወንድምህ ምን እንዳለ ልንገርህ? ዜናውን ይዞ እኔ ቤት መጣ። ገና በሩን ከፍቼለት ሳልጨርስ፣ «የወንድም ጋሼን ጨለማ እመልስለታለሁ» አለኝ። ስለ ፀሐይዋ አላነሳም፣ ስለ ራሱ ስም አላነሳም፤ ስላንተ ጨለማ ነው ያወራው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ወንድምህ አንድ ነገር አስምሎኛል። «ለወንድም ጋሼ ትንፍሽ እንዳትይ። የአባባ አጥንት ይውጋኝ በይ» አለኝ፤ አልኩ። በአባባ አጥንት ምዬ አላፈርስም፤ ስለዚህ ያንን ነገር አልነግርህም። ብትለምነኝም፣ ብትቆጣኝም አልነግርህም። ስለ ሥራችን እንዳላወራህ ግን አላስማለኝም። እሷን ረስቷታል። ስለ ሥራ ብቻ ነው የማወራህ።

የፊልሙን ቀለምና ብርሃን የምናስተካክልበት ክፍል መስኮት የለውም። ግድግዳው ግራጫ ነው፣ አንድ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ከፊቱ ወንበሮች። የቀለም ባለሙያው ከንፈሩ የማይላቀቅ ዝምተኛ ስለሆነ «አፈ ጉባኤ» እያልን ነው የምንጠራው። ባለ አረንጓዴ ካፖርቷ ሴት ብርሃን ለመግዛት ተሰልፋ ጀርባዋን ሰጥታን የምትቆምበት ትዕይንት ላይ ደረስን። ታስታውሰዋለህ፤ ሁሉም ነገር ጥቁር ሆኖ ማጅራቷ ላይ ብቻ አንዲት ክር የምታህል ብርሃን ያሳረፍክበት። ቀኑን ሙሉ ያስቆምከን፣ በመጨረሻ በእጅ ባትሪ የሠራኸው።

ወንድምህ «ትንሽ ከፍ አድርገው» አለ። አፈ ጉባኤ ከፍ አደረገው። «ትንሽ ጨምር።» ጨመረ። «ገና ነው። ማጅራቷ ላይ ያለችው ክር እስክትታይ ድረስ።» ክሯማ ከመጀመሪያውም ቁልጭ ብላ ትታያለች! «ከፍ አድርገው እንጂ!» ካፖርቷ የጎመን ቅጠል መሰለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር ታየ፤ በጨርቅ የሸፈንነው የመብራት ገመድ ሳይቀር ወጣ። ያን ጊዜ ወንድምህ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ «እህ! አሁን መጣች። ይሄ ነው የወንድሜ ሥራ» አለ። ድምፁ እርክት ያለ ነበር። አፈ ጉባኤ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሌሊት አይደለም፤ ምሳ ሰዓት ነው» አለኝ። ሳቅኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ፊልሙን በሙሉ አነጋነው።

መጀመሪያ እኔም እንዳንተ ተናደድኩበት። «ወንድምህን እየተበቀልከው ነው?» ብዬ መተላለፊያው ላይ ጮህኩበት። «ጨለማውን እየመለስኩለት ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ!» አለኝ። የሚዋሽ ሰው ድምፅ አልነበረም። ግራ ገባኝ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሌላው። ጽዳት የምትሠራው ልጅ ወንበሩን ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብታደርገው አምባረቀባት። እሱ! ዝንብ እንኳ «ይቅርታ» ብሎ የሚያባርር ሰው! ኋላ ላይ ሄዶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መንገድ ላይ ደግሞ ክንዴን መያዝ ጀምሯል። ልጅ ሆነን «ሴት እጄን አትይዘኝም» እያለ ጥሎኝ ይሮጥ የነበረው ሰውዬ፣ ዛሬ አስፋልት ስንሻገር ክንዴን ጭምቅ ነው የሚያደርገው። ዕድሜ ሲገፋ ፍቅር ይመጣል ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ።

ያንተ መልእክት የመጣ ቀን ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። «አንብቢልኝ፤ ያንቺ ድምፅ ስድቡን ያለሰልሰዋል» አለ። አነበብኩለት። «ሸጠኝ» የምትለውን ሳይቀር አነበብኩለት፤ የመጨረሻዋን ጥያቄህን ግን ዘለልኳት። እሱ ጠበቀ፣ ጠበቀና «በቃ? ወንድም ጋሼ እንዲህ ባጭሩ ተሳድቦ አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ዲስኩ ላይ፣ ዳይሬክተሩ ፊልሙን እያየ ስለ አሠራሩ የሚናገርበት ድምፅም ይገባል። እሱን ልንቀዳ ገባን። ወንድምህ ትንሿ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ ከስክሪን ፊት ተቀመጠ፤ እኔና የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲህ ነን። ጥሩ አድርጎ ጀመረ፣ ቀልድም ጣል ጣል ያደርጋል። ልክ የካፖርቷ ሴት ልትመጣ ስትል የስክሪኑ ገመድ ላልቶ ኖሮ ምስሉ ድርግም አለ። የፊልሙ ድምፅ ይሄዳል፣ ምስል የለም። ስክሪኑ ጥቁር መስታወት ብቻ ሆነ። ባለሙያው «አንዴ ቆም በልልን» ሊለው ቁልፉን ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት።

ወንድምህ አላቆመማ።

ያንን ጥቁር መስታወት ትክ ብሎ እያየ «እዩዋት፣ መጣች» አለ። «እዚህ ጋ ከማጅራቷ ላይ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ። ይቺን ብርሃን የሠራት ታላቅ ወንድሜ ነው። ሲኒማ ቤት ባያችሁት ፊልም ላይ ስሙን አታገኙትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁን አስመልሼዋለሁ። የዚያን ቀን ‹ኧረ ጨለመ፣ ምንም አይታይም› ብዬ ስጨቀጭቀው ‹ጠብቅ፣ ዓይንህ ይለምደዋል› አለኝ። ጠበቅኩ፤ ለመደው፤ አየኋት።» ከዚያም «አሁንም እየጠበቅኩ ነው» አለ። ባለሙያው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እኔ እጁን አለቀቅኩም፤ ጥፍሬ ሳይጎዳው አልቀረም።

ሲያበቃ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልቅሼ ስለነበር አፍንጫዬን ሳብ ሳደርግ ሰማኝ። ያስማለኝ ያን ጊዜ ነው።

አባባ ትዝ ይልሃል? መጨረሻው አካባቢ በጠራራ ፀሐይ «ይሄ ቤት ለምን ጨለመ? ኧረ መብራት አብሩልኝ» ይል ነበር። እኔ በልጅነት ሞኝነቴ እስቃለሁ፣ አንተ ቆጣ ብለህ ታየኝና የበራውን መብራት ደግመህ እንዳበራህ ታስመስላለህ። «እሺ አባባ፣ በራ» ትለዋለህ። እንዲያው ትዝ ስላለኝ ነው፤ ከሥራው ጋር አይገናኝም።

የጨነቀኝን ልንገርህ። ዲስኩ በቅርቡ ወደ ማባዣው ይሄዳል። እንዳለ ከሄደ ያ ፊልም ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ ማለት ነው፤ የሚሳቀውም በሱ ነው። አንተም እስክትሞት ይቅር አትለውም። አፈ ጉባኤ አንድ መላ አመጣልኝ። «ዝም ብለን ወደ ድሮው እንመልሰው፤ አያውቅም» አለኝ። አያውቅም! ልጁ ለክፋት አይደለም፣ አዝኖ ነው፤ ግን ያቺ ቃል አንጀቴን በላችው። ባለ ስቱዲዮዎቹስ ያኔ ያደረጉት ይሄንኑ አይደል፣ ከሠሪው ጀርባ? አሁን ደግሞ እህቱ ላድርገው? አላደርገውም፣ ወንድም ጋሼ። እጄ አይታዘዘኝም። ፊት ለፊት «ኧረ በዛ፣ አውርደው» እንዳልለውም ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን ሲነገር መስማት አይፈልግም።

«ይበቃል፣ አውርደው» ብሎት እሺ የሚያሰኘው ሰው አንድ ብቻ ነው። አንተ ብትለው ግራ አይገባውም፣ አይሸማቀቅም። «ወንድም ጋሼ ድሮም ጨለማ ይወዳል» ብሎ ያጉረመርምና ይተውልሃል። ምንም ሳይነግርህ፣ ምንም ሳትጠይቀው ያልፋል።

ይቅር በለው አልልህም። እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። መጥተህ ከጎኑ ወንበር ላይ ተቀመጥ ነው የምልህ። ከፈለግህ እየተጣላችሁ ሥሩ፤ ድሮስ ተስማምታችሁ የሠራችሁት ምን አለ? ብቻ አትዘግይ። ዲስኩ ቢዘገይ ይለምኑታል፣ ይራዘማል። ሌላው ነገር ግን የሚለመን አይመስለኝም። እንደ ሰማሁት ከሆነ አይመለስም። ይኸው፣ ከዚህ በላይ ብናገር አጥንቱ ይወጋኛል።

ስትመጣ አንዳንድ ነገር ልብ በልልኝ። ወንበሩን ካለበት እንዳታንቀሳቅስበት። እጅህን ለሰላምታ ብትዘረጋለትና ቢዘገይብህ ንቀት ነው ብለህ እንዳትቀየም፤ አንተው ያዘው። ደግሞ ያቺ ልማድህ አለች፣ በር ላይ እንደ ግንድ ቆመህ ሰው ዞር ብሎ እስኪያይህ የምትጠብቅባት። እባክህን እሷን የዚያን ቀን ተዋት። ገና ከበሩ ተናገር። «እኔ ነኝ» በለው። ስምህን መጥራት የለብህም፤ ድምፅህን ያውቀዋል።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ወገብህን ያጽናልህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ የእኔንም እንዲጠብቅልኝ ጸልይልኝ።

ሁለታችሁንም የምትወድ
ታናሽ እህትህ