ጭላዳዋና ቁርባናችን

ጥሩዬ፣ የኔ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሰላምታዬን ሳላደርስ አንድ ያልነገርሁሽን ልናገር፣ አለዚያ እጄ አይጽፍልኝም። ታመሽ ሳለሽ፣ እሑድ እሑድ ለቁርባን ስትዘጋጂ፣ እኔ ሆዴን አሞኛል፣ ውኃ ጠጥቻለሁ እያልሁ እቀር ነበር። ውሸቴን ነው። በቁርባን የተጋባን ሰዎች ሆነን ሳለ ብቻሽን ላክሁሽ። ልጃችን ምሕረትን ተደግፈሽ ስትወጪ ከበር ቆሜ አይሽ ነበር።

ፈርቼ ነው። የምሕረትን የኮሌጅ የባዮሎጂ መጽሐፍ ልለብድላት ብዬ ስገልጠው፣ ሰውና ዝንጀሮ ከአንድ ጥንታዊ ዘር በብዙ ዘመን ተለያይተው መጡ የሚለውን አነበብሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አዳም በእግዜር እጅ ከአፈር ካልተበጀ፣ ትንሣኤስ? እንዲህ እያሰብሁ ሥጋ ወደሙን እንዴት ልቀበል? ብነግርሽ ደግሞ በዚያ ሕመምሽ ላይ እምነትሽን የምነጥቅሽ መሰለኝ።

የቤቱን ልንገርሽ። ምሕረት አሁን ራሷ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆናለች፣ እዚሁ ጎንደር። የጓሮው ጌሾሽ ሸጋ ሆኗል። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አሁንም ተነስቼ ባልዲ እፈልጋለሁ።

ባለፈው በጋ እናትሽን ልጠይቅ መካነ ብርሃን ወጥቼ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ አየሁ። በሙሽርነታችን እዚያው ቁጭ ብለን፣ አንዱ ቆሎሽን ከነመሐረቡ መንትፎ ሲሮጥ፣ ይሄስ ያንተን ወንድም ይመስላል ብለሽ የሳቅሽው ትዝ ይልሻል? ያን ጊዜ አብሬሽ ስቄ ነበር። ባለፈው በጋ ግን አንዷ የሞተ ልጇን ይዛ ነበር። ደርቆ ቆዳ ብቻ ሆኗል። ሣር ልትነጭ ስትል ታስቀምጠዋለች፤ መንጋው ሲነሣ ተመልሳ ታቅፈዋለች። ነጠላሽን ከአልጋው ራስጌ ማንሣት ያቃተኝን እኔን መሰለችኝ። እኛም እንዲሁ ብቻ ከሆንን፣ ጥሩዬ፣ አንቺ የት ነሽ? ይሄን ደብዳቤስ ለማን ነው የምጽፈው?

ተመልሼ ለምሕረት ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ «አባዬ ደግሞ! የሩቅ ዘመድ ነው አልን እንጂ ለተዝካር ጥራው አልን?» ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። እሷ ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች፣ ሰኞ ደግሞ ይሄንኑ ታስተምራለች። እንዴት ትችይዋለሽ አልኋት።

«እግዜር ቀስ ብሎ ቢሠራን ምን ቸገረው፣ አባዬ? የማላውቀው ብዙ ነው። ግን እማዬ የለችም ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ለሷ በቃት። ለኔ አልበቃኝም። ምነው ለንስሐ አባትህ አትነግራቸው አለችኝ። ያባርሩኛል ብዬ ስንት ጊዜ ከደጃቸው ተመልሻለሁ! በመጨረሻ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍሁት። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«የዝንጀሮውን ነገር እኔ አላውቀው፤ እሱን ልጅህን ጠይቅ» አሉኝ። «ፈርተህ ስለጠየቅህ ከቁርባን አልከለክልህም። ሚስትህን ስለዋሸህ ግን ቀኖና አለብህ።»

ስግደቱን እያለቀስሁ ፈጸምሁ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አልለቀቀኝም። ዛሬም ሻማ ሳጠፋ ጨለማው ያ ገደል ይመስለኛል።

አንቺን ግን አልረሳሽም። የምሕረት መጽሐፍ እውነት ሆነም አልሆነም፣ እስትንፋሴ እስክትወጣ በክርስትና ስምሽ እየጠራሁ እጸልይልሻለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ጠዋት የወንዶቹ ተራ ሲደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው በቀስታ ገፋ አደረገኝ። ዓይኔ ወደ ሴቶቹ በር ሄደ። ካህኑ ፊቴ ሲቆሙ ልቤ ትኖሪ ይሆን፣ አትኖሪ ይሆን እያለ ነበር። አፌን ከፈትሁ። ቆረብሁ።