ለአባባ የመረጥኩት ፍሪሲዮን

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ሰቆጣ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የአባባን አሮጌ ላንድሮቨር አስረከብኳቸው። ለዓመታት ቆሞ የኖረውን መኪና እኔው ነኝ ያደስኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ወጣ።

አባባ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው መሪው ጋ ተቀመጡ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ ግራ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ማርሽ አስገብተው ሲለቁት መኪናው ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። ደገሙት፤ አሁንም ጠፋ።

«መኪናውስ ደህና ነው፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ» አሉኝ ሲወርዱ። «በል አንተ ንዳው።» ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት።

የሳቸው እርጅና አይደለም። ዕቃውን ስመርጥ መካኒኩ ነግሮኝ ነበር። «ለአባትህ ከሆነ ሲረግጡት የማይከብደውን፣ ለስላሳውን ፍሪሲዮን ውሰድ። ከጀርባው ያለውን ከባድ ብረት፣ ቮላኖውንም አትንካው፤ መኪናውን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው እሱ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጠንካራውን ፍሪሲዮን ወሰድኩ። ቮላኖውንም ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አስቆርጬ አቀለልኩት፤ ነዳጅ ነካ ሳደርገው ቶሎ እንዲጮህልኝ፣ ተፈናጥሮ እንዲነሳልኝ። ለአባባ ነው እያልኩ የመረጥኩት ለራሴ እግር ነው።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «እሺ አባባ» ነው።

ከሰዓት ብቻዬን በጽጽቃ መንገድ ነዳሁት። እንዴት እንደሚሮጥ! ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ እየዘፈንኩ ነበር።

ስመለስ አባባ በር ላይ ቆመው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ። ካጠፋሁት በኋላም ትንሽ ቆዩ።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ።