ጋሽ ኑሪ የሚተኙበት

ለዓይኔ ብርሃን ለወንጌላዊት፤

ጌታ ከፊትሽ እየቀደመ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ሮቢ ክፍሉን አልፏል፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ሰኞ ቀትር ላይ ከሱቃችን ጎን የጋሽ ኑሪ ፍራሽ ቤት ተቃጠለ። ሁላችንም ዕቃ ለማዳን ብለን አስፋልቱ ላይ ከመርነውና የእሳት አደጋ መኪናውን መግቢያ ከለከልነው! አለቃቸው አንዴ ሲጮህብን መንገዱ ተከፈተ። ልጄ፣ ሰዎቹን ባየሻቸው! አለቃው በጣቱ ሲጠቁም ገሚሱ ቱቦ ይዘረጋል፣ አንዱ መብራት ያስቆርጣል፣ ሌላው ቦቴውን ውሃ ሊያስሞላ ይበራል። ማንም ማንንም አይጋፋም፤ የአንድ ሰው እጆች ይመስላሉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አለቃው ስለ ዕቃ አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ውስጥ ሰው አለ? የት ነው የሚተኛው?» አለ። ሰፈሩ በአንድ አፍ «ከጓዳ በስተግራ! ሰግደው ያሸልባሉ፣ ጆሯቸውም አይሰማም!» አልን። ከሰዎቹ ሁለቱ ጭሱን ሰንጥቀው ገብተው ጋሽ ኑሪን ከነጋቢያቸው ተሸክመው ወጡ። አሁን ደህና ናቸው፤ «ፍራሹን ትታችሁ አሮጌውን አወጣችሁ» እያሉ ያስቁናል።

ያንቺ አገር እሳት አደጋ ከዚህም ይበልጣል፣ መሰላሉ ሰማይ ይነካል ይላሉ። ይሁን። ግን አለቃው ደጅሽ ቆሞ «የት ነው የምትተኛው?» ቢል ማን ይመልስለታል?

የጌታ እጅ ካንቺ አይለይ። እባክሽ ልጄ፣ የጎረቤትሽን በር አንኳኪና ስምሽን ንገሪያቸው።

እናትሽ ሙሉጌጥ