የትርፍ ጎማው ገንዘብ የት ገባ

ወንድምዓለም፣

ውሃ ከሰዓት ይቋረጣል ተብሏል፤ ባልዲዎቹን ሙላ።

ለጉዞው ያጠራቀምነውን ስትቆጥር የትርፍ ጎማው ገንዘብ ይጎድልሃል። ሌባ አትፈልግ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ነዳጁን፣ ማደሪያውን፣ ለሽንት የምንቆምበትን ሳይቀር በደብተርህ አሰላህ። «መንዳቱን ለአንተ ትቻለሁ» ስትለኝ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

መኪና ነድቼ አላውቅም።

በዚያ ገንዘብ መንጃ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ አሁንም የሄድኩት እዚያ ነው። ይቅርታውን ስመለስ ፊት ለፊት እጠይቅሃለሁ። አንተም የስፌት መኪናህን ጭነህ ለሽርሽር ልትወጣ ስለማሰብህ ግን ዛሬ ምንም አልልም።

አስተማሪዬ ቀጥታ ስነዳ ወዶልኛል። መጠምዘዝ ገና አልደረስንም። ካርታውን ሳየው መንገዳችን አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ እንደተባለው እንነሳለን።